ዋስ ጥራ! ምንጭ መጥቀስ ለሚያስጨንቃችሁ ተማሪዎች

ባለፈው ሰኔ ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ተመራቂ ተማሪ «እስቲ ይዩልኝ» ብላ ሲኒየር ኤሴይዋን ይዛልኝ መጣች። ከኋላ ጀመርኩ። ልማዴ ነው። ጋዜጣን ከስፖርት ገጹ የሚጀምር ሰው አለ አይደል? እኔ የተማሪ ጽሑፍ የምጀምረው ከዋቢ ዝርዝሩ ነው። 43 ምንጭ ተደርድሯል። አቤት! አልኩ። ወደ ውስጥ ገብቼ ስቆጥር ግን ስማቸው የተነሳው 11ዱ ብቻ ናቸው። የቀሩት 32ቱ ምን ሊሠሩ መጡ?

«ይቺን 1998 የምትለዋን አንብበሻታል?» አልኳት።

ፈገግ አለች። «አይ ቲቸር፣ እሷን እንኳ ከሲኒየሮች ሪሰርች ላይ ነው ያመጣኋት።»

አልተቆጣሁም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። «ኤፒኤ ተጠቀሙ» ተባልን፣ በቃ። አንዱ የምንጭ መጥቀሻ ስልት ነው። ኤፒኤ ምን እንደሆነ፣ ለምን ቅንፍ ውስጥ ዓመት እንደሚገባ፣ ለምን አንዱ ነገር ተጋድሞ እንደሚጻፍ ቁጭ አድርጎ ያስረዳን አልነበረም። ስለዚህ ነጥብና ሰረዙን እንደ ድግምት ሸመደድነው። የነጥቡን ቦታ የሳተ ማርክ ይቀነስበታል፣ ያላነበበውን የጠቀሰ ግን ያልፋል። የተገላቢጦሽ ነው።

ቃሉን ራሱን እንየው። ሪፈረንስ የምንለውን አማርኛ ዋቢ ይለዋል። ዋቢ ደግሞ ዋስ ማለት ነው፤ ተያዥ። ዳኛ ፊት የቆመ ሰው «ዋስ ጥራ!» ሲባል የሚጠራው ማለት ነው። ዛሬም ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ ልትቀጠሩ ብትሄዱ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። «አንድ አጎት አለኝ፣ ደብረ ሲና አካባቢ ነው መሰለኝ የሚሠራው» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሙሉ ስም ይፈለጋል። የት እንደሚሠራ፣ የደሞዝ ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ኮፒ። ለምን? ነገ የሆነ ነገር ቢፈጠር ሄደው ሊያገኙት ነዋ!

ምንጭ መጥቀስ እንግዲህ ይኸው ነው። ጽሑፋችሁ ውስጥ «(ታደሰ፣ 1972 እ.ኤ.አ.)» ስትሉ ዋስ ጠራችሁ። ኋላ የዋቢ ዝርዝሩ ላይ የምታሰፍሩት የዋሱን ፋይል ነው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ርዕሱ ምን ይባላል፣ የት ታተመ ወይስ የት ይገኛል። እነዚህ አራቱ ካሉ አንባቢው ተነስቶ ሄዶ ዋሱን ያገኘዋል። ኤፒኤም ሌላውም ስልት የሚለያየው እነዚህን አራት ነገሮች በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስቀምጥና በምን ምልክት እንደሚለያቸው ነው እንጂ በዋናው ነገር ሁሉም ይስማማሉ። የልጅቷ 32 ምንጮችም ችግራቸው አሁን ይገባችኋል። ፋይላቸው ተከፍቷል፣ ግን ለምንም ነገር ዋስ አልሆኑም። ውስጥ የተጠራ ሁሉ ኋላ ፋይል ይኑረው፤ ኋላ ፋይል ያለው ሁሉ ውስጥ የተጠራ ይሁን። ይቺን ብቻ ብታጣሩ ግማሹ ስሕተት ይጠፋል።

ደግሞ ነገሩን ፈረንጅ ያመጣብን አታስመስሉት። አብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። አንድምታ ትርጓሜ ላይ መምህሩ ሐሳቡን ይሰጥና ማስረጃውን በግእዙ ጠቅሶ «እንዲል» ይላል። «እንዲል» ማለት ይህን ያልኩት ከራሴ አይደለም፣ ዋሴ እነሆ ማለት ነው። ቅንፍ የለውም፣ ዓመተ ምሕረት የለውም፣ ሥራው ግን ያው ነው።

ሁሉ ነገር ዋስ ይፈልጋል ወይ? አይፈልግም። ደብረ ብርሃን ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዳለች ለመናገር ማንንም መጥቀስ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደምትርቅም እንዲሁ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደቆረቆሯት እዚህ ሀገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግን «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ምክንያት ነው የመሠረቷት» ካላችሁ ነገሩ ወደ ክርክር ገባ፤ ያኔ ዋስ ጥሩ። ቁጥር ከሆነ ጥሩ። የአንድ ሰው አስተያየት ከሆነ ጥሩ። ከተጠራጠራችሁም ጥሩ፤ ዋስ ስለበዛ የታሰረ ሰው የለም።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ በራስ አባባል መጻፍ፣ ፓራፍሬዝ የምትሉት። ብዙ ተማሪ ሌባ ሳይሆን ሌባ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ እኔው ልጻፍላችሁ፦

«የደብረ ብርሃን ብርድ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚበረታው ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድርና መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት በቶሎ ስለሚያጣ ነው።»

ይህንን «በራሴ አባባል ጻፍኩት» ብሎ ተማሪ የሚያመጣልኝ እንዲህ አድርጎ ነው፦

«የደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጠነክረው ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድርና ምድሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ቶሎ ስለሚያጣ ነው።»

ብርድ ቅዝቃዜ ሆነ። መሬት ምድር ሆነ። አጥንቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይሄ የሰው ኮት ቁልፉን ቀይሮ መልበስ ነው። ኋላው ላይ ቅንፍ ቢደረግበት እንኳ አይድንም፤ ቅንፉ «ሐሳቡ የሱ ነው» ይላል እንጂ «ዓረፍተ ነገሩም የሱ ነው» አይልም። ዓረፍተ ነገሩን ከፈለጋችሁት በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት። ካልፈለጋችሁት ደግሞ ከሥሩ ገንብታችሁ ጻፉት፦

«ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በበጋው መግቢያ ጋቢው ስለሚገፈፍ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊቱን ወጥቶ ያልቃል፤ ውርጩም የሚብሰው ያኔ ነው (እገሌ፣ 2015)።»

አያችሁ? ጋቢዋ የተማሪው ናት። ምክንያቱ ግን አሁንም የእገሌ ነው፣ ስለዚህ ቅንፉ ይቀራል። በራሳችሁ አባባል ስትጽፉት መጥቀስ የማያስፈልግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሳችሁትም ቢሆን ያስፈልጋል፤ የሰው በግ ሰርቆ ሌላ ገበያ መሸጥ ስርቆቱን አይሽረውም።

ዘዴው ቀላል ነው። አንብቡ። ክደኑት። ሻይ ጠጡ። ለጓደኛችሁ እንደምታወሩት አድርጋችሁ ሳታዩ ጻፉት። ከዚያ ገልጣችሁ አመሳክሩ፤ ሐሳቡን አጣምማችሁት እንዳይሆን። ኦሪጅናሉን በግራ መስኮት፣ ወርዱን በቀኝ መስኮት ከፍቶ «በራሴ አባባል» መጻፍ የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለ ማጣመም ካነሳን፣ ዋሱን ያላለውን ማስባልም አለ። ጸሐፊው «ሊሆን ይችላል» ያለውን ተማሪው «አረጋግጧል» ብሎ ይጽፍለታል። በአንድ ቀበሌ 60 ሰው ጠይቆ የጻፈውን «የሰሜን ሸዋ ገበሬ እንዲህ ያስባል» ያደርግበታል። ይሄ ከመስረቅ የማይተናነስ ነው፤ ያልገባበት ዕዳ ውስጥ ሰውየውን መክተት። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ግስ ሞልቶታል። ይላል፣ ይገምታል፣ ይሞግታል፣ ይጠረጥራል፣ ያሳያል። ትክክለኛውን ምረጡ። ደግሞ አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት ቅንፍ ጣል አታድርጉ። የትኛው የእናንተ፣ የትኛው የሱ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ከመነሻው «ታደሰ እንደሚሉት» ብላችሁ ግቡ፤ ከዚያ «እኔ ግን» ስትሉ ድንበሩ ይታያል።

ቃል በቃል ከጠቀሳችሁ ገጽ ቁጥር ግዴታ ነው። በኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅስ ትምህርተ ጥቅሱ ይቀርና ራሱን ችሎ ገባ ብሎ ይቀመጣል። ገጹን ስትጽፉ ደግሞ በእጃችሁ ያለው ኅትመት የትኛው እንደሆነ እዩ። ፍቅር እስከ መቃብር መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተደጋግሟል። እናንተ ባለፈው ዓመት የገዛችሁትን ይዛችሁ 1958 ብላችሁ ገጽ ብትጠቅሱ፣ የድሮው ኅትመት ያለው አንባቢ ገልጦ ሌላ ነገር ነው የሚያገኘው።

አሁን ደግሞ እኛን ብቻ የሚመለከት ጣጣ አለ። ስም።

የፈረንጅ ስልቶች «የቤተሰብ ስም አስቀድም» ይላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም ነው ያለን። ስለዚህ «ታምራት (1972 እ.ኤ.አ.) እንደሚሉት» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማል። ታምራት አባታቸው ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ናቸው! የኢትዮጵያን የመካከለኛው ዘመን ታሪክ የጻፉት አባትየው አይደሉም። ኢትዮጵያውያን ደራስያን በራሳቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ በዝርዝሩም «ታደሰ ታምራት» ተብሎ፣ ሳይገለበጥ፣ ከታደሰ ፊደል ሥር ይቀመጣል። ባሕሩ ዘውዴም «ባሕሩ» እንጂ «ዘውዴ» አይሆኑም። የኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ያሉ ሰዎች ውጭ ሀገርም ሆነው የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የትምህርት ክፍላችሁ «አይ፣ ገልብጡት» ካለ ምን ይደረጋል፣ ገልብጡ፤ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን ገልብጦ አንዱን መተው ነው የሚያስቀው።

ጥምር ስም ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ኢንተርኔት ላይ «ሳይት» (Cite፣ ጥቀስ) የምትለዋን ተጭናችሁ ኮፒ ስታደርጉ ማሽኑ ወልደ ሚካኤልን ለሁለት ይሰነጥቅና «ሚካኤል፣ ወ.» ብሎ ይሰጣችኋል። ሰውየውን መልአክ አደረገው ማለት ነው። ኃይለ ሥላሴንም እንዲሁ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ ከተከታዩ አይነጠልም። ማሽኑ ይህንን አያውቅም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። አቶ፣ ዶክተር፣ ፕሮፌሰር የሚለውንም ዝርዝሩ ላይ አታስገቡ፤ አለዚያ ግማሹ ሰው «ዶ» ሥር ይሰለፋል።

ሁለተኛው የእኛ ጣጣ ዘመን ነው። መጽሐፉ በእኛ አቆጣጠር 2010 ይላል እንበል። ተማሪው እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ እንዳለ 2010 ብሎ ያስቀምጠዋል። አንባቢው የፈረንጅ 2010 ይመስለዋል፣ መጽሐፉ ደግሞ ያኔ ገና አልተጻፈም። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ 8 ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ነው። ወሩን ካላወቃችሁ የቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? መጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉት፣ ተገላገሉ።

አትናቁት፣ ትልቅ ስሕተት ያመጣል። «በ2007 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ» የሚል አማርኛ ጽሑፍ በብዛት አያለሁ። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ነው። ቆጠራው በ1999 ነው፤ 2007ቱ የእንግሊዝኛው ሪፖርት ቁጥር ነው። አዋጅም ላይ ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአማርኛ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ይባላል። ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ጎን ለጎን ታትመው እያየ ሁለት አዋጅ አድርጎ የደረደረ ተማሪ አጋጥሞኛል።

እጅ አዙር ምንጭ የሚባለው ደግሞ ይሄ የመጀመሪያዋ ተማሪ ጉዳይ ነው። ሀ የጻፈውን ለ ጠቅሶታል፣ አንቺ ያነበብሽው ለን ነው። ታዲያ ሀን አንብቤያለሁ ለምን ትያለሽ? «ሀ፣ ለ ውስጥ እንደተጠቀሰው» በይና ዝርዝሩ ላይ ለን ብቻ አስፍሪ። ዋስሽ እሱ ነው። ለ ተሳስቶ ከሆነም ስሕተቱ የሱ ይሆናል፤ ሀን ያነበብሽ መስለሽ ከጻፍሽ ግን ስሕተቱ ያንቺ ሆነ። ብትችይ ደግሞ ሀን ፈልጊው። አንዳንዴ ሀ ጭራሽ ያላለው ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ከሲኒየር ወደ ሲኒየር ሲተላለፍ እንደ ወሬ አድጎ።

ዊኪፒዲያም በዚሁ ይታያል። መነሻ ይሁናችሁ፣ ግርጌው ላይ ያሉትን ምንጮች ተከተሉና እነሱን አንብቡ። ቴሌግራም ላይ ያገኛችሁት ፒዲኤፍ ከሆነ ምንጩ መጽሐፉ ነው፣ ቴሌግራም አይደለም። ፖስታ ቤት ስለመጣ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ጻፈው አይባልም። የፒዲኤፉን ሁለተኛና ሦስተኛ ገጽ ገልጡ፤ አሳታሚውም፣ ዓመቱም፣ ኅትመቱ ስንተኛ እንደሆነም እዚያ አለ። ገጹ ተቆርጦ ከሆነ ቤተ መጻሕፍት ሂዱና ዋናውን እዩ።

ስለ ስልቶቹ ብዙ አልልም። ማኅበራዊ ሳይንስና ትምህርት ኤፒኤን ይወዳሉ፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ነው ያወጣው፣ 7ኛው እትም ላይ ደርሷል። ደራስያኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እገሌና ሌሎች» ይበቃል። ታሪክ ግርጌ ማስታወሻ ይወዳል፣ ቺካጎ የሚባለውን። ጤና ላይ ያላችሁ ቁጥር ነው የምትጠቀሙት፣ ቫንኩቨር። የትኛውን እንደምትጠቀሙ አድቫይዘራችሁን ጠይቁ። ዞቴሮ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ነጥብና ሰረዙን ለሱ ስጡት። የሐበሻ ስም ላይ ብቻ ዓይናችሁ አይነሳ።

የመመሳሰል መቶኛ የሚያወጣውም ሶፍትዌር ያስጨንቃችኋል። «ቲቸር 18 ፐርሰንት ነው፣ አለፍኩ?» ይሉኛል። መቶኛው የሚናገረው ምን ያህሉ ከሌላ ጽሑፍ ጋር እንደሚመሳሰል ነው፤ ስርቆት ነው አይደለም ብሎ አይፈርድም። በትምህርተ ጥቅስ የከበባችሁትም፣ የዋቢ ዝርዝራችሁም ሊቆጠር ይችላል። 5 ፐርሰንት ሆኖ አምስቱም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ቻትጂፒቲን ዋስ አምጣልኝ ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ያመጣል! ስም፣ ዓመት፣ የጆርናል ስም፣ ገጽ ሳይቀር። ችግሩ ሰውየው አንዳንዴ አልተወለደም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። ጠበቃ እንዲህ ከሆነ እኛማ! ማሽኑ የሰጣችሁን እያንዳንዱን ምንጭ ፈልጋችሁ፣ ከፍታችሁ፣ በዓይናችሁ ሳታዩ አታስገቡ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የመንዝ ልጅ ናት፣ ከመሐል ሜዳ። ርዕሷ ጓሳ ነው፣ የመንዝ ሕዝብ የጋራ ሣር መሬት፤ ሕዝቡ ሣሩን በቀሮ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ እንዴት እንደጠበቀው። ከፈረንጅ ጥናት ላይ ብዙ ወስዳለች፣ ያንን ጠቅሳለች። መሐል ላይ ግን ሁለት ገጽ አለ፤ ሣሩ ሲከፈት ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ሳይከፈት ያጨደ ምን እንደሚደርስበት፣ እንደ ትኩስ ቂጣ የሚሸት ጽሑፍ። ምንም ቅንፍ የለበትም።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ኧረ እሱ ምንጭ የለውም። አያቴ ናቸው የነገሩኝ።»

ምንጭ የለውም! 32 ያላየቻቸውን ፈረንጆች ደርድራ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብለው የነገሯትን ሰው ምንጭ አይደሉም አለች። ቃለ መጠይቅ ምንጭ ነው። ኤፒኤ ከሆነ «የግል ግንኙነት» ብላችሁ ስሙንና ቀኑን እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ትጠቅሳላችሁ፤ አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው ስለማይችል ዝርዝሩ ላይ አይገባም። የታሪክ ክፍል ከሆነ ኋላ ላይ የመረጃ አቀባዮች ሠንጠረዥ ይሠራል። ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገራችሁበት ቦታና ቀን። ከዚያ በፊት ግን ስማቸው እንዲጻፍ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠየቃሉ።

እዚያው ፊቴ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እሰማለሁ።

«አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው? ስለ ጓሳው የነገሩኝን ስምዎን ጠቅሼ ልጽፈው ነው። ይፈቅዳሉ?»

ዝም አሉ ትንሽ። ከዚያ፣ «ጻፊ። የአባቴንም ስም አብረሽ ጻፊበት እንጂ፤ የቀሮውን እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ የነገረኝን ነው የነገርኩሽ» አሉ።

ስልኩን ዘጋችና ዞር ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ ይሄ እንግዲህ እጅ አዙር ነው?»